ሐኪሞች የሚማሩት ምን እንደሆነ ማን ይወስን?

እህቴ ካሊፎርኒያ ውስጥ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት። ልጆቿ ከተኙ በኋላ ላፕቶፗን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትከፍታለች፤ ፈቃዷን ለማደስ የሚያስፈልጋትን ትምህርት የምትጨርሰው እንዲህ ማታ ማታ ነው። አንድ እሁድ ማታ እዚያው ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ አብሬያት አዳመጥኩ። ትምህርቱ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ኩላሊት ነበር። መምህሩ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የትኛው መድኃኒት በስንት እንደሚቀነስ እያስረዳ ሳለ ርዕሱ ድንገት ተቀየረ። ስለ ስውር አድልዎ ሦስት ስላይድ አለፈ። ከዚያ ወደ ኩላሊቱ ተመለሰ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ሕጉ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እሱ ካልገባ ክሬዲት የለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሉም ጎን ይዞ ይጯጯሃል፤ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። የገባኝን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መሠረቱ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ተመርቆ፣ ስፔሻላይዝ አድርጎ፣ ፈቃድ አውጥቶ በዚያ አያበቃም። ሕክምና ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ከ20 ዓመት በፊት የተማረውን ብቻ ይዞ የሚያክም ሐኪም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱ በታደሰ ቁጥር ይህን ያህል ሰዓት ተምሬያለሁ ማለት አለበት፤ የሚቆጠርለት ሰዓት ክሬዲት ይባላል። ይህ ተከታታይ የሕክምና ትምህርት ነው፤ እነሱ ሲኤምኢ ይሉታል። መጀመሪያ ግዴታ ያደረገችው ኒው ሜክሲኮ ናት፣ በ1971። ካሊፎርኒያ ዛሬ በየ2 ዓመቱ 50 ሰዓት ትጠይቃለች። ትምህርቱን የሚሰጡት ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ናቸው። እነሱን ደግሞ የሚመዝን ኤሲሲኤምኢ የሚባል ተቋም አለ፤ የተቋቋመው በ1981 ሲሆን መቀመጫው ቺካጎ ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥም ዘመድ ወይ ጓደኛ የጤና ባለሙያ ያለው ሰው፣ ፈቃድ ለማደስ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት) ፍለጋ ሲሮጡ አይቶ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ክፍል ተማሪው ሊቀርበት የማይችል ክፍል ነው። ካልተማረ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ እንጀራ የለም። ሐኪም ደግሞ ብዕሩን ሲያነሳ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ብዙ ነው፣ የሚነካው ሕይወትም ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪሞችን ማሳመን የሚፈልግ ሁሉ ዓይኑን እዚህ ክፍል ላይ ይጥላል፤ መድኃኒት የሚሸጠውም፣ ሕግ የሚያወጣውም፣ ለተበደለ የሚሟገተውም።

የእህቴን ሦስት ስላይድ ያመጣው ሕግ ኤቢ 241 ይባላል። በ2019 ጸደቀ፣ ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ዋለ። የሚለው ይህን ነው፦ ከታካሚ ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ሲኤምኢ ስለ ስውር አድልዎ የሆነ ነገር ይኑረው። አድልዎ የሐኪሙን ውሳኔ እንዴት እንደሚያዛባ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል፤ ወይም እንዴት እንደሚቀነስ ዘዴ ማስተማር ይቻላል፤ ወይም ሁለቱንም። ታካሚ የሌለበት፣ ምርምር ላይ ብቻ ያተኮረ ትምህርት አይመለከተውም። ስውር አድልዎ ሲባል አንድ ሰው ክፉ ሳያስብ፣ ሳይታወቀውም፣ ውስጡ ባደረ ግምት አንዱን በሽተኛ ከሌላው ለይቶ ሲያይ ማለት ነው።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች ስለ ጥቁሮች ሰውነት ተጠየቁ፤ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ሐሰት የሆነ ነገር አምነው ተገኙ፣ ለምሳሌ የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ይወፍራል የሚል። እንዲህ የሚያምኑት ደግሞ የጥቁሩን በሽተኛ ሕመም ዝቅ አድርገው ገመቱ። እነዚህ ነገ ማስታገሻ የሚያዙ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እንደሚለው ደግሞ ጥቁር ሴቶች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ 3 እጥፍ ገደማ ነው። የእኛም እናት እዚያ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ የምትታየው እንደ ማንኛዋም ጥቁር ሴት ነው። ስለዚህ ችግሩ የለም የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ችግሩ አለ።

ጥያቄው ሌላ ነው። ሦስቱ ስላይድ ችግሩን ይቀንሱታል ወይ?

እዚህ ላይ ማስረጃው ይሳሳል። በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 492 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። የሰዎች ስውር አድልዎ በፈተና ሲለካ በትንሹ ሊቀየር እንደሚችል አገኘ፤ የፈተናው ውጤት ተቀየረ ማለት ግን የሰውየው ተግባር ተቀየረ ማለት እንዳልሆነም አሳየ። ይህ ለሕክምና ትልቅ ነገር ነው። አንድ የደም ግፊት ኪኒን ሐኪሙን ደስ ስላሰኘ አይፈቀድም። ግፊቱ መውረዱ መታየት አለበት፤ ግፊቱ የሚወርደውም በሽተኛው እንዲተርፍ ነው።

በ2023 አንዲት የዓይን ሐኪምና ሌሎች ከሳሾች ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት ሄዱ። ከእነሱ ጋር ዱ ኖ ሃርም የሚባለው፣ በ2022 የተመሠረተውና ሕክምና ውስጥ የገባውን የዘርና የብዝኃነት ፖለቲካ የሚቃወመው ድርጅት አለ። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። እኛ ሲኤምኢ እናስተምራለን፤ ስለ ዓይን ልናስተምር ቆመን መንግሥት የማናምንበትን ሐሳብ በአፋችን እያስነገረን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ይህን ይከለክላል። የካሊፎርኒያ መልስም ግልጽ ነበር። የፈለግሽውን አስተምሪ፣ ማንም አይከለክልሽም፤ ክሬዲት ግን የእኔ ነው፣ ክሬዲት ለምሰጥበት ትምህርት ይዘቱን የምወስነው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ካሊፎርኒያን የሚያካትተው የፌደራል የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንኑ አጸና። ፈቃድ ለማደስ የሚሰጠው ትምህርት የመንግሥት ንግግር ነው አለ።

ይህ የመጨረሻ ቃል ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መንግሥት የዜጎችን አፍ እንዳይዘጋ ይከለክላል፤ መንግሥት ራሱ ሲናገር ግን የፈለገውን አቋም መያዝ ይችላል። «ማጨስ ይገድላል» ብሎ ሲለጥፍ ጎን ለጎን የትምባሆ ኩባንያውን አስተያየት መለጠፍ የለበትም። ፍርድ ቤቱ ያለው የሲኤምኢም ክፍል ከዚያ ይመደባል ነው። በሕግ በኩል ምክንያቱ ይገባኛል። የሚያሳስበኝ ግን ይኸው በር ለሁለቱም ወገን መከፈቱ ነው። ዛሬ ካሊፎርኒያ ይህን አስተምሩ ካለች፣ ነገ ሌላ ክፍለ ግዛት በተመሳሳይ ምክንያት ተቃራኒውን አስተምሩ ማለት ትችላለች።

ይህ ደግሞ ከአየር ላይ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። ፍሎሪዳ በ2011 ሐኪሞች ታካሚዎቻቸውን «ቤታችሁ ጠመንጃ አለ?» ብለው እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አውጥታ ነበር። የሕፃናት ሐኪም ይህን የሚጠይቀው ልጅ መሳቢያ ከፍቶ እንዳይጎዳ ነው፤ ስለ መርዝና ስለ መዋኛ ገንዳ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። ያን ሕግ ዋና ዋና ክፍሎቹን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 እስኪሽር ስድስት ዓመት ፈጀ። በ2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የሚመዝኑ ተቋማት የብዝኃነት መስፈርታቸውን እንዲተዉ የሚጫን ትእዛዝ ፈረሙ። ሳምንታት ሳይቆዩ የትምህርት ቤቶቹ መዛኝ መስፈርቱን አነሳ። አንዱ ወገን ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። በሽተኛው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ይህ ክፍል ከዚህ በፊትም ተጠልፎ ያውቃል። ያኔ የመጣው በገንዘብ ነበር።

ፐርዱ የሚባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በ1996 ገበያ ላይ አወጣ። ከዚያ ዓመት እስከ 2002 አጋማሽ ድረስ ስለ ሕመም የሚያስተምሩ ከ20 ሺህ በላይ ፕሮግራሞችን በገንዘብ ደገፈ። ሐኪሞቹ ተሰብስበው የሰሙት መልእክት በሕመም ምክንያት የሚወስድ ሰው ሱስ ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው የሚል ነበር። ይህ እውነት አልነበረም። በ2007 ኩባንያው መድኃኒቱን በተሳሳተ መንገድ ማስተዋወቁን አምኖ፣ ከሦስት ኃላፊዎቹ ጋር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ጎን ለጎን የሄደውን ነው። በዚያው ዘመን ሕመማቸው ችላ የተባለ በሽተኞች ጉዳይ ትልቅ የመብት ጥያቄ ሆኖ ነበር። ጥያቄውም እውነተኛ ነበር። በ2001 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ85 ዓመት የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ በቂ ማስታገሻ ሳያገኝ ተሰቃይቷል ተብሎ ጁሪ ለቤተሰቡ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። እኔም አባቴ ይሁን ብዬ ሳስበው ልቤ ይነካል። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ። ከጥቂት የሙያ ዘርፎች በቀር የካሊፎርኒያ ሐኪም ሁሉ እስከ 2006 መጨረሻ ድረስ ስለ ሕመም ማስታገስና ስለ መጨረሻ ሕይወት እንክብካቤ 12 ሰዓት ይማር አለ።

ይህ ሕግ የኦፒዮይድ ቀውስን፣ ማለትም እንደ ኦክሲኮንቲን ባሉ ማስታገሻዎች የመጣውን የሱስና የሞት ቀውስ፣ አመጣ እያልኩ አይደለም። ቀውሱ ብዙ ምክንያት አለው። ሕጉን ያወጡትም ቅን ሰዎች ነበሩ። ግን ተመልከቱት። ሕጉ ሐኪሞችን ሁሉ ስለ ሕመም እንዲማሩ ክፍል ውስጥ ባስገባበት ዘመን፣ ስለ ሕመም የሚነገረው ትምህርት በመድኃኒት ሻጭ ገንዘብ ተነክሮ ነበር። ሳይንሱ ፊቱን ሲያዞርና ስለ ሱሱ አደጋ ማስጠንቀቅ ሲጀምር ሕጉ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ የሱስ ሕክምና ትምህርት እንደ አማራጭ የገባው በ2018 ነው። ከዚያ በኋላ በ2021 አንድ ዓመት ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በኦፒዮይድ ሞቱ። ምርምር በየወሩ ይስተካከላል፤ ሕግ ግን አንዴ ከተጻፈ ለማሻሻል ዓመታት ይፈልጋል።

ከዚህ ተነስታችሁ ታዲያ ሟጋቾች ከሐኪም ክፍል ይውጡ ትሉ ይሆናል። እኔ እንደዚያ አልልም። ምክንያቱን በኩላሊት ላስረዳችሁ፤ ይህ የእኛን ቤት በቀጥታ ያንኳኳል።

ሐኪም የኩላሊት ጉልበት የሚያውቀው ከደም ውስጥ ክሬያቲኒን የሚባል ነገር ለክቶ፣ ዕድሜና ጾታ ጨምሮ በቀመር በማስላት ነው። ውጤቱ ቁጥር ነው፤ ሲወርድ ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ለዓመታት በሥራ ላይ የነበረው ቀመር አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው። በሽተኛው ጥቁር ከሆነ ቁጥሩ በ1.159 ይባዛል። 16 በመቶ ገደማ ጭማሪ ማለት ነው። አሁን አንድ የእኛ አባት አስቡ፣ ታክሲ ነድቶ ልጆቹን ያሳደገ። ደሙ ተለካ፣ ያለ ጭማሪው ቁጥሩ 18 ነው። ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያስይዘው ቁጥር 20 እና ከዚያ በታች ነው። ነጭ ቢሆን ዛሬ ወረፋ ይይዛል። ጥቁር ስለሆነ ግን 18 በ1.159 ተባዝቶ 20.9 ይሆናል። ኩላሊትህ ገና ነው ይባልና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰውየው ያው ነው፣ ደሙም ያው ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዘሩ ብቻ ወረፋውን ነሳው።

ይህን የቀየረው ማነው? ሙግት ነው። የሕክምና ተማሪዎች «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ ቦስተን የሚገኘው ቤት እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል በ2017 ጭማሪውን አነሳ፤ ሌሎች ተከተሉ። ሲጀመር ፖለቲካ ነው ያሉትም ነበሩ። ነገር ግን ነገሩ በጩኸት አላበቃም። ሁለቱ ትልልቅ የኩላሊት ማኅበራት ግብረ ኃይል አቋቋሙ፣ ብዙ ቀመር ፈተሹ፣ ዘር የሌለበት አዲስ ቀመር በመረጃ ተሠራ፣ ትክክለኛነቱ ተለካ፣ ድክመቱም አብሮ ታተመ። በ2021 አገር አቀፍ ምክር ሆኖ ወጣ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ሆስፒታሎች በአሮጌው ቀመር ምክንያት ወረፋቸው ለዘገየ ጥቁር በሽተኞች ጊዜያቸውን እንዲመልሱላቸው ታዘዘ። በ2024 የጸደይ ወራት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወረፋቸው ተስተካክሎላቸው ነበር፣ በአማካይ ወደ 2 ዓመት ገደማ። ከእነዚህ ውስጥ ሐበሻ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ላሳያችሁ። በ2020 አንድ ጥናት ወጣ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ1992 እስከ 2015 የተወለዱ 1.8 ሚሊዮን ሕፃናትን አየ። ጥቁር ሕፃናት በጥቁር ሐኪም ሲታዩ ከነጮቹ ጋር ያላቸው የሞት ልዩነት ይጠባል አለ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሐኪሞችን በሚያሠለጥኑ መድረኮች ተጠቀሰ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ፤ ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በልዩነት ሐሳባቸው ውስጥ ጠቀሱት፣ የተጻፈውም ጥናቱ ራሱ ከተናገረው አልፎ ነበር። በ2024 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ወስደው አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፦ ሲወለዱ ከ1,500 ግራም በታች የሚመዝኑትን። እነዚህ በጣም ትንንሽ ሕፃናት አስቀድሞ የመሞት አደጋቸው ከፍተኛ ነው፤ በብዛት የሚታዩትም በነጭ ሐኪሞች ሆነው ተገኙ። ይህ ሲታሰብ የሐኪሙ ዘር ውጤት ጠፋ ማለት ይቻላል።

ጥናት መስተካከሉ ነውር አይደለም፤ ሳይንስ የሚሄደው እንዲሁ ነው። ጉዳቱ አራቱን ዓመታት እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲነገር መክረሙ ነው። የጥቁር ሕፃናት ሞት ግን እውነት ነው፣ ዛሬም ከነጮቹ ይበልጣል። መልሱን በሐኪሙ ዘር ውስጥ ስንፈልግ፣ ለምን ብዙ ጥቁር ሕፃናት ከ1,500 ግራም በታች ሆነው ይወለዳሉ የሚለውን ዋና ጥያቄ ዘለልነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የተሳሳተ ማስረጃ የሚጎዳው መጀመሪያ የቆመለትን ሰው ነው።

ስለዚህ ፖለቲካ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለእኔ ብዙም አይጠቅምም። ኩላሊቱም ፖለቲካ ነበር፣ ሕመሙም፣ ሕፃናቱም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ሐኪም እጁን አውጥቶ «ማስረጃው የታለ?» ማለት ይችላል? ማስረጃው ሲቀየር ትምህርቱ አብሮ ይቀየራል? ኩላሊቱ ላይ ሁለቱም ተቻለ። በሕግ በተጻፈ ይዘት ላይ ግን ሁለተኛው በጣም ይከብዳል። ሕግ አውጪው ችግሩን ይሰይም፤ «ጥቁር እናቶች እየሞቱ ነው፣ በ3 ዓመት ውስጥ ይህን ቁጥር አሳዩኝ» ይበል። ደም እየፈሰሳት ያለችን ወላድ ቶሎ ለይቶ ማወቅን፣ አስተርጓሚ መጥራትን፣ ሕመሟን መስማትን እንዴት እናስተምር የሚለውን ግን መለካት ለሚችሉት ይተው።

ከመድኃኒት ኩባንያዎቹ ጋር በተደረገው ትግል ጥሩ ደንብ ተገኝቷል። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የኤሲሲኤምኢ ደንብ መድኃኒት አምራች የትምህርቱን ይዘት እንዳይነካ ይከለክላል። መምህሩ ባለፉት 24 ወራት ከእንደዚህ ዓይነት ኩባንያ ጋር የገንዘብ ግንኙነት ከነበረው መናገር አለበት። የሚሰጠው ምክርም በወቅታዊ ማስረጃ ላይ የቆመና ሚዛናዊ መሆን አለበት ይላል። ይህ የመጨረሻው ለሁሉም ትምህርት ይሠራል፣ ኩባንያ ይኑርበት አይኑርበት። ማሳወቁ ግን የሚመለከተው ኩባንያዎቹን ነው። መምህሩ የአንድ ተሟጋች ድርጅት ቦርድ አባል ቢሆን፣ በየትኛውም ጎን ይሁን፣ በዚያ ደንብ ተማሪው ላያውቅ ይችላል። እኔ ብሆን እሱንም ስላይዱ መጀመሪያ ላይ እንዲጽፉት እጠይቅ ነበር። አንድ መስመር ነው፤ ማንንም ከመናገር አያግድም።

ያን ማታ ትምህርቱ አለቀ። ሰርተፊኬቱ ከመምጣቱ በፊት የግምገማ ቅጽ አለ፤ እህቴ በፍጥነት እየሞላች ወረደች። አንዱ ጥያቄ ትምህርቱ ውስጥ የንግድ አድልዎ አይተሻል ወይ ይላል። «አላየሁም» የሚለውን ነካች። መጨረሻ ላይ ሌላ አስተያየት ካለ የሚል ባዶ ሳጥን ነበር። እስካሁን አንድም ቀን ሞልታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ትንሽ አሰበችና ጻፈች፦ «ሦስቱ ስላይዶች ስለሚያነሱት ችግር አመሰግናለሁ፣ ታካሚዎቼ ላይ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ትምህርት ከተሰጠ በኋላ የታካሚዎች ውጤት መሻሻሉን የሚያሳይ ጥናት ካለ እባካችሁ ላኩልኝ።» ኢሜይሏን ከሥር ጨመረችና ላከችው።